ያውቁ ኖሯል? ስብ ሆርሞን ያመነጫል

የሰውነታችን ስብ ትርፍ ምግብ የሚጠራቀምበት ጎተራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። የሚመነጨው ከስብ ሕዋሳት ነው፤ በደም ተጉዞም በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ስብ እንዳለ ለአንጎል ያሳውቃል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው የስብ እጦትም የሚያሳምም መሆኑ ነው። ሊፖዲስትሮፊ የሚባል፣ እምብዛም የማያጋጥም ሕመም አለ። ሕመሙ የጠናባቸው ሰዎች ከቆዳቸው ሥር ስብ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ጡንቻቸውና የደም ሥራቸው ጎልቶ ይታያል። ቀጭን ናቸው፣ ጤነኛ ግን አይደሉም። ማረፊያ ያጣው ቅባት ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ስለሚገባ ኢንሱሊን ሥራውን መሥራት ያቅተዋል፤ ብዙዎቹም ገና በወጣትነታቸው የስኳር በሽታ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሌፕቲንን የሚተካ፣ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ተፈቅዶላቸዋል።

ለሌሎቻችንም ወሳኙ ስቡ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ዳሌና ጭን ላይ ያለው ብዙም አያሰጋም፤ ሆድ ዕቃን ከብቦ የሚቀመጠው ግን ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ሚዛን ይህን አይለይም። የወገብዎን ዙሪያ በሜትር ይለኩ፤ ወንድ ሆነው ከ94፣ ሴት ሆነው ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ያድርጉ።