ዲስክና ስትሪሚንግ በኢትዮጵያ

ዲስክና ስትሪሚንግ ፊልምን፣ ድራማንና ሙዚቃን ወደ ቤት የሚያስገቡ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። በመጀመሪያው መንገድ ሥራው በሲዲ፣ በቪሲዲ፣ በዲቪዲ ወይም በብሉሬይ ላይ ተቀርጾ ይሸጣል፤ ገዢውም ዲስኩን በማጫወቻ (በተለምዶ ዴክ) ከፍቶ ያያል። በሁለተኛው መንገድ ሥራው የሚቀመጠው ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ነው፤ ተመልካቹ በስልክ፣ በስማርት ቴሌቪዥን ወይም ከቴሌቪዥን ጋር በሚገናኝ ትንሽ መሣሪያ በኢንተርኔት እየተቀበለ ይመለከተዋል። በብዙ አገሮች የሁለቱ ክርክር የምስል ጥራትና የምቾት ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ግን የኢንተርኔት ዋጋ፣ የኔትወርክ መቆራረጥ፣ የፊልም ሠሪዎች ገቢና የአማርኛ ፊልሞች ተጠብቆ መቆየት አብረው ይነሳሉ።

የዲስክ ዘመን

ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 በፊሊፕስ፣ በሶኒ፣ በማትሱሺታና በጄቪሲ ስምምነት የወጣ ደረጃ ነው። አንድ ዲስክ 74 ደቂቃ ያህል ምስል ስለሚይዝ አንድ ሙሉ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዲስክ ይሸጥ ነበር። ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ገበያ ላይ ዋለ፤ ባለ አንድ ንብርብሩ ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ብሉሬይ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ቢይዝም በኢትዮጵያ ቤቶች እንደ ቀዳሚዎቹ አልተስፋፋም።

ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች በመጀመሪያ በሲኒማ ቤት ይታያሉ፤ ቆይተውም በቪሲዲ ለሽያጭ ይቀርቡ ነበር። እንደ አሰላ ባሉ የዞን ከተሞችም ሆነ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ማዕከል እንደሆነችው ኦጎልቾ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ለሚኖር ተመልካች በአዲስ አበባ የታየን ፊልም ለማግኘት ዲስክ ዋነኛው መንገድ ነበር። ዴክ የሌለው ሰው በቪዲዮ ቤት ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ ያያል፤ ያለው ደግሞ ከፊልም ማከራያ ወስዶ በማግሥቱ ይመልሳል። ኋላ ላይ ፍላሽና የስልክ ሚሞሪ ሲበዙ ሱቆች ፊልም «መጫን» ጀመሩ፤ ዲስኩም ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። ስለዚህ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ዲስክን በቅድሚያ የተካው ኢንተርኔት ሳይሆን ፍላሽ ነው።

የስትሪሚንግ አሠራር

በስትሪሚንግ ፊልሙ ጥቂት ሰከንድ ወደሚረዝሙ ቁርጥራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ቁራጭ በተለያየ የጥራት ደረጃ ይዘጋጃል። የተመልካቹ መሣሪያ የኔትወርኩን ፍጥነት እየለካ ተስማሚውን ይጠይቃል። ምስሉ በድንገት የሚደበዝዘው ኔትወርኩ ሲዳከም መሣሪያው ዝቅተኛውን ጥራት ስለሚመርጥ ነው። ያም ካልተቻለ ፊልሙ ይቆምና የመጫን ምልክት ይዞራል። ዲስክ ላይ ያለው ምስል ግን ኔትወርኩ ቢዳከምም ባይዳከምም ጥራቱ አይለወጥም።

ወጪ

ዲስክ የሚከፈልበት አንድ ጊዜ ነው። በስትሪሚንግ ግን ከአገልግሎቱ ክፍያ ሌላ የኢንተርኔት ጥቅል ያስፈልጋል። ለምሳሌ ኔትፍሊክስ በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። በዚህ ስሌት የሁለት ሰዓት ፊልም በከፍተኛ ጥራት 6 ጊጋባይት ሊጨርስ ይችላል። ልጆች ያንኑ ፊልም ሦስት ጊዜ ቢያዩት 18 ጊጋባይት ይሆናል። በአንጻሩ ብዙ የተለያዩ ፊልሞችን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያይና ያልተገደበ የመስመር ኢንተርኔት ላለው ቤት ስትሪሚንግ ርካሽ ነው።

ባለቤትነትና ዕድሜ

ዲስክ የገዛ ሰው ዲስኩን ሊያውስ፣ ሊሸጥ ወይም ሊያወርስ ይችላል። የስትሪሚንግ ደንበኛ የሚከፍለው ግን ለማየት ፈቃድ ነው፤ ከፊልሙ ባለመብት ጋር የተደረገው ውል ሲያበቃ ፊልሙ ከዝርዝሩ ይወጣል። መሣሪያውም ቢሆን በሩቅ አገልግሎት ላይ ይደገፋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት መሣሪያዎች የዲጂታል የምስክር ወረቀታቸው ጊዜ በማለፉ፣ ማስተካከያ እስኪላክላቸው ድረስ መሥራት አቁመው ነበር።

ዲስክም ዘላለማዊ አይደለም። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። በኮምፒውተር የተቀዳው ግን ቀለም መሰል ንብርብር ላይ ስለሚጻፍ ፀሐይና ሙቀት ቶሎ ያበላሹታል። በሲዲና በቪሲዲ መረጃው ያለው ከጽሑፉ ወገን ሥር ስለሆነ፣ በላይኛው ፊት ላይ ያለ ጭረት ከታችኛው ይልቅ አደገኛ ነው።

የቅጂ መብትና ገቢ

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሥራን አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል፤ አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሆኖም አንድ ዲስክ በጥቂት ደቂቃ ስለሚባዛ ሕገ ወጥ ቅጂ የፊልምና የሙዚቃ ሰዎችን ገቢ ለረጅም ጊዜ ጎድቷል። ፍላሽ ላይ መጫን ሲጀመር የመቆጣጠሩ ሥራ ይበልጥ ከበደ።

ስትሪሚንግ ለዚህ ችግር ከፊል መልስ ሰጥቷል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካን ጨምሮ በሙዚቃ ባለሙያዎች የተጀመረው አውታር የተባለው መተግበሪያ፣ ሙዚቃ በስልክ ሂሳብ እንዲገዛ አድርጓል። ዩቲዩብም ብዙ የቆዩ የአማርኛ ፊልሞች የሚገኙበት ቦታ ሆኗል፤ ገቢው ግን ከሽያጭ ሳይሆን በዋናነት ከማስታወቂያ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ 130 አገሮች ቢስፋፋም፣ ክፍያው በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ መፈጸሙ ለብዙዎች እንቅፋት ነው።

የኢንተርኔት መቋረጥና የሥራዎች ጥበቃ

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር የኢትዮ ቴሌኮም ብቸኝነት አበቃ፤ የኔትወርክ ሽፋንም ሰፋ። ይሁን እንጂ ኢንተርኔት በተለያዩ ጊዜያት ሙሉ በሙሉ ተቋርጧል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ጠፍቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መብራት ያለው ሰው ዲስኩን፣ ፍላሹን ወይም የሳተላይት ዲሹን መጠቀም ሲችል፣ በስትሪሚንግ ብቻ የሚጠቀም ሰው ምንም አያይም።

ትልቁ ጥያቄ የአሮጌ ሥራዎች ዕጣ ነው። ዋና ቅጂው የጠፋ ፊልም ምናልባት የሚገኘው አንድ ቤተሰብ መሳቢያ ውስጥ በቀረ ቪሲዲ ላይ ነው። አንድ የዩቲዩብ ቻናል ሲዘጋም በእርሱ ላይ ብቻ የነበረው ፊልም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አንድን ሥራ ለማቆየት በአንድ መንገድ ብቻ ከመተማመን ይልቅ የዲስኩን ይዘት ሳይበላሽ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥና በተለያየ ቦታ ከአንድ በላይ ቅጂ ማስቀመጥ ይመከራል። ለዕለታዊ እይታ ደግሞ አስተማማኝ ኢንተርኔት ባለበት ስትሪሚንግ ይመቻል፤ ደካማ በሆነበት ዲስክና ፍላሽ አሁንም ይሠራሉ።