የዋሽንግተን የቤዝቦል ደጋፊ ለምን ቀዘቀዘ?

የአበሻ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከዩ ስትሪት አካባቢ አረንጓዴውን የሜትሮ መስመር የተሳፈረ ሰው ባቡር ሳይቀይር ኔቪ ያርድ ይደርሳል። ከጣቢያው ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ የዋሽንግተን ናሽናልስ ስታዲየም ፊት ለፊቱ ነው። በ2019 መኸር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያ ባቡር ቀይ በለበሰ ሕዝብ ይጨናነቅ ነበር። የ2026 የውድድር ዘመን ሲቃረብ ግን ያ ሙቀት የለም።

ብዙ ሰው ምክንያቱን «ቡድኑ ስለሚሸነፍ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ ለዋሽንግተን ደጋፊ የማይገባ ፍርድ ነው። ከተማዋ ሽንፈትንም መለየትንም ለረጅም ጊዜ ችላለች። የመጀመሪያው ቡድኗ ሴናተርስ ከ1901 እስከ 1960 ተጫውቶ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። በምትኩ የተቋቋመው ሁለተኛው ሴናተርስም በ1971 ማብቂያ ወደ ቴክሳስ ተጓዘ። የስንብቱ ጨዋታ ሴፕቴምበር 30 ቀን ነበር። ሴናተርስ ኒውዮርክ ያንኪስን 7 ለ 5 እየመራ፣ አንድ መቺ ብቻ አስወጥቶ ጨዋታውን ሊዘጋ ሲል፣ ደጋፊው ሜዳውን ወረረው። ዳኞቹም ድሉን ለያንኪስ ሰጡ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ዋና ከተማ 33 የውድድር ዘመናት ያለ ቡድን አሳለፈች።

በ2005 የሞንትሪያሉ ኤክስፖስ ወደ ዋሽንግተን ተዛውሮ ናሽናልስ ሲባል የሆነውን እንይ። ቡድኑ በዚያ ዓመት ከምድቡ መጨረሻ ወጣ። አሮጌው አር.ኤፍ.ኬ. ስታዲየም ግን 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተመልካች አስተናገደ። ዋንጫ በተበላበት በ2019 እንኳ የገባው 2.26 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ2005 ሰውን ያስመጣው የእኔ የሚለው ቡድን ማግኘቱ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት የአሜሪካን ቤዝቦል አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የምንከታተል ሰዎች መጨረሻ የወጣ ቡድን እንደሚወርድ እናውቃለን። በሜጀር ሊግ ቤዝቦል ወራጅ የለም። እንዲያውም ደካማ ቡድን አዲስ ወጣቶችን ቀድሞ የመምረጥ የተሻለ ዕድል አለው፤ ከጋራው የቴሌቪዥን ገቢም ድርሻውን ያገኛል። ተጫዋች በበኩሉ ስድስት ዓመት በዋናው ሊግ ካገለገለ በኋላ ነፃ ሆኖ ከፈለገው ቡድን ጋር ይፈርማል። ስለዚህ ክለቦች ውድ ተጫዋቾቻቸውን ጊዜያቸው ሳያልቅ በታዳጊዎች ይለውጡና «ቡድኑን እንደገና እየገነባን ነው» ይላሉ። ግንባታው መቼ እንደሚያልቅ ግን ለደጋፊው የሚነግረው የለም።

ይህ አካሄድ በናሽናልስ አንድ ጊዜ ሠርቷል። ቡድኑ በ2008 ዓመት 102፣ በ2009 ደግሞ 103 ጨዋታ ተሸነፈ። በተከታታይ የመጀመሪያውን ምርጫ ሲያገኝ ወርዋሪውን ስቲቨን ስትራስበርግንና መቺውን ብራይስ ሃርፐርን ወሰደ። ስትራስበርግ ጁን 8 ቀን 2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን ኳስ አስቶ ሲያስወጣ የጠበቀ ሁሉ የጠበቀውን በዓይኑ አየ። በ2012 ምድቡን አሸነፉ። በ2019 ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን የተሸነፈ ቡድን ሂዩስተን አስትሮስን በሰባተኛው ጨዋታ ረትቶ የሊጉን ዋንጫ፣ ዎርልድ ሲሪስን፣ በላ። ለከተማዋ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

መፍረሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማግስቱ ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ሻምፒዮኑ ባዶ ወንበር ፊት ተጫወተ። ከዋንጫው ቡድን ተጫዋቾች አንቶኒ ሬንዶን ወደ ኤንጅልስ ሄደ። የሰባት ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመው ስትራስበርግ በጉዳት የተነሳ ከዚያ ወዲህ 8 ጨዋታ ብቻ ወረወረ። በጁላይ 2021 ማክስ ሸርዘርና ትሬይ ተርነር ለዶጀርስ ተሰጡ። በኦገስት 2022 ደግሞ የ23 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ ወደ ሳንዲዬጎ ተላከ። ሶቶ የቀረበለትን የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አልቀበልም ማለቱ እውነት ነው። ኋላም በኒውዮርክ ሜትስ 765 ሚሊዮን ስለፈረመ በሂሳብ አልተሳሳተም። ክለቡን ብቻ መውቀስ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን የሶቶን ማሊያ የገዛ ወላጅ ለልጁ የሚያስረዳው ሂሳብ አልነበረውም። ናሽናልስ 2022ን 107 ጨዋታ ተሸንፎ ጨረሰ።

የባለቤቶቹ ሁኔታ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነበር። የለርነር ቤተሰብ በ2022 ክለቡን ለመሸጥ እንደሚያስብ አስታወቀ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ አንሸጥም አለ። በመሃል የክለቡ ዕጣ ሳይለይ ቆየ። የከተማው አስተዳደር ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ አፍስሶ ስታዲየም ለሠራለት ክለብ ይህ ማመንታት ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጁላይ 6 ቀን 2025 ዋንጫውን ያመጡት ዋና ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ተሰናበቱ። ዓመቱ በ66 ድልና በ96 ሽንፈት ተዘጋ። አሁን ሥራውን የያዙት ከቦስተን የመጣው ፖል ቶቦኒና ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለው አሰልጣኝ ብሌክ ቡቴራ ናቸው። በ2025 አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ኢላይ ዊሊትስ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ደጋፊው እንደገና ብዙ ዓመት ጠብቅ እየተባለ ነው።

እስከዚያው አንድ ሰው አለ። በሶቶ ልውውጥ የመጣው ጄምስ ዉድ የተወለደው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ነው። ብዙ የእኛ ልጆችም በዚያ አካባቢ ያድጋሉ። በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል። የለርነር ቤተሰብ የደጋፊውን ልብ መመለስ ከፈለገ ይህን ልጅ በረጅም ውል ያስፈርመው፤ አሁኑኑ። ዉድ ነፃ ሆኖ ሊሄድ የሚችለው ከ2030 የውድድር ዘመን በኋላ ነው።