ጠቋሚው ባዶዋን ሣጥን እንዴት አገኛት?

ሚሽሪፍ ያለው የኩዌት ዓለም አቀፍ አውደ ርእይ ግቢ ታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የኮቪድ ክትባት መስጫ ሲሆን፣ ተከታቢው አስቀድሞ በኢንተርኔት ይመዘገብ ነበር። እንዲህ ባለ ቅጽ ላይ ባለ 12 አኀዙን የሲቪል መታወቂያ ቁጥር ዘልለው «ላክ»ን ቢጫኑ፣ ደህና ተደርጎ የተሠራ ቅጽ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ጠቋሚውንም ባልተሞላችው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ሁለቱ ሥራዎች የሚከናወኑት ግን በተለያየ መንገድ ነው።

እንደ ሪአክትና ቪው ባሉ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች ፕሮግራመሩ «መረጃው እንዲህ ሲሆን ገጹ ይህን ይምሰል» ብሎ ይጽፋል፤ መረጃው ሲለወጥ ገጹን የሚያድሰው ማዕቀፉ ነው። ቀዩ ማስጠንቀቂያ የሚመጣው በዚህ ነው። መረጃው «ስቴት» ይባላል።

ጠቋሚን ማስቀመጥ ግን መልክ ሳይሆን ድርጊት ነው፤ የተወሰነችውን ሣጥን አግኝቶ ማዘዝን ይጠይቃል። ለዚህ «ሬፍ» አለ። በሪአክት «ዩዝሬፍ» ባዶ መያዣ ይፈጥራል፤ መያዣውን ከሣጥኗ ጋር እናያይዘዋለን። ሣጥኗ ገጹ ላይ ስትወጣ ሪአክት እሷኑ «ከረንት» በሚባለው ቦታ ያኖራታል። «ላክ» ሲጫን ኮዱ ከዚያ ያገኛትና «ፎከስ» ብሎ ያዛታል። ሚሽሪፍ ውስጥ ምግብ የሚያደርስ ሰው ብሎኩን፣ መንገዱንና የቤቱን ቁጥር ይዞ በሩን እንደሚያንኳኳ ማለት ነው። ቤቱ ገና ካልተሠራ የሚያንኳኳው በር የለም።

ብዙ ጀማሪ የሚደናቀፈውም እዚህ ላይ ነው። ገጹ ሳይሣል «ከረንት» ባዶ ነው፤ ሣጥኗ ከገጹ ስትወገድም ተመልሶ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሬፍን የምንጠቀመው ተጠቃሚው አንድ ነገር ሲነካ ወይም ገጹ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያውም ሣጥኗ መኖሯን አረጋግጠን።

ሣጥኗ ራሳችን በሠራነው ኮምፖነንት (ራሱን የቻለ የገጽ ክፍል) ውስጥ ከሆነች፣ ሬፉን ወደ ውስጥ ለማሳለፍ ቀድሞ «ፎርዋርድሬፍ» ያስፈልግ ነበር። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሪአክት 19 ወዲህ ግን እንደ ማንኛውም ፕሮፕ (ለኮምፖነንት ከውጭ የሚሰጥ እሴት) ይተላለፋል።

ሬፍ ውስጥ ያለው ቢለወጥ ሪአክት ገጹን አያድስም። የስሕተቱን መልእክት እዚያ ብናስቀምጠው ተመዝጋቢው ላያየው ይችላል። በሬፍ በኩል ገብተን ጽሑፉን በእጃችን ብንቀይረውም፣ ማዕቀፉ በሚቀጥለው እድሳት ሊሽረው ይችላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ለስቴት፣ ማተኮርን፣ ማሸብለልን፣ መጠን መለካትንና ቪዲዮ ማስነሣትን ደግሞ ለሬፍ መተው ነው።