የወንዶች የብልትና የፊንጢጣ ኪንታሮት፦ ምንነቱና ሕክምናው

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በጣት ነው። ሰውየው ገላውን ሲታጠብ ድሮ ያልነበረች ትንሽ ሻካራ ነገር በብልቱ ቆዳ ላይ ትዳሰሰዋለች። አታመውም፣ አታቃጥለውም። ብጉር ናት ብሎ ይተዋታል። ሳምንታት አልፈው ሁለት፣ ሦስት ትሆናለች፤ ጫፏ እየተከፋፈለ የአበባ ጎመን መልክ ትይዛለች። ያኔ ይደነግጣል። ስለ ጨጓራውና ስለ ወገቡ ለጓደኞቹ በግልጽ የሚያወራ ሰው ስለዚህች ግን ለሚስቱም ለሐኪምም ትንፍሽ አይልም። በእኔ እምነት የዚህ በሽታ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ዝምታ ነው፤ ኪንታሮቱ ራሱ ሊታከም የሚችል ነገር ነውና።

መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ ይባላል። ከ200 በላይ ዓይነቶች ያሉት ሰፊ ቤተሰብ ሲሆን ተመራማሪዎች የሚለዩዋቸው በቁጥር ነው። አንዳንዶቹ የእጅና የእግር ኪንታሮት ያወጣሉ። ከ10 የብልት ኪንታሮቶች 9ኙን የሚያመጡት ግን ዓይነት 6 እና ዓይነት 11 ናቸው። የማህፀን በር፣ የፊንጢጣና የወንድ ብልት ካንሰር በዋናነት የሚያያዙት ከሌሎቹ ጋር፣ በተለይም ከዓይነት 16 ጋር ነው። ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ከባልደረቦቻቸው ጋር ዓይነት 6ን ከብልት ኪንታሮት ለይተው ያወጡት ዓይነት 16ን ከማግኘታቸው በፊት ነበር፤ በኋላ የማህፀን በር ካንሰርን መንስኤ በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ስለዚህ «ይህ ነገር ወደ ካንሰር ይለወጥብኝ ይሆን?» ብሎ እየተጨነቀ ሌሊቱን ለሚያድር ሰው መልሱ በአብዛኛው አይለወጥም የሚል ነው። አንድ ሰው ኪንታሮት የሚያመጣውንና ከካንሰር ጋር የሚያያዘውን ዓይነት በአንድ ጊዜ ሊይዝ ስለሚችል ግን ሐኪም ማየቱ አይቀርም።

ቫይረሱ በደም አይዞርም። ቆዳ ከቆዳ ጋር ሲነካካ በዓይን በማይታይ ጭረት ገብቶ የታችኛውን የቆዳ ሕዋሳት ይይዛል፤ እነሱ እያደጉ ወደ ላይ ሲገፉ እሱም አብሮ ይባዛል፣ ቆዳውም ይወፍራል። ለመተላለፍ ሙሉ የግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል፤ የቆለጥ ከረጢትንና ብሽሽትን ስለማይሸፍን ግን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም።

ትዳር የሚያፈርሰው ጥያቄ «ማን አመጣው?» የሚለው ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ኪንታሮቱ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይወስዳል፤ ሆኖም ከዚያ በጣም ሊረዝም፣ ለዓመታትም በቆዳው ውስጥ ሊተኛ ይችላል። ቫይረሱን ከያዙት ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ በሕይወታቸው አንድም ኪንታሮት አያወጡም፤ ሳያውቁት ይዘውት ሳያውቁት ያስተላልፉታል። እናም ዛሬ የታየ ኪንታሮት ባለፈው ወር ስለተሠራ ነገር ምስክር አይሆንም። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ የተረሳ ግንኙነት ውጤት ሊሆን ይችላል። የትኛውም ምርመራ ከማን እንደመጣና መቼ እንደገባ አይናገርም። ይህን ሳያውቁ ሽማግሌ የተቀመጠባቸው፣ ልጆች የተበተኑባቸው ቤቶች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

በተገረዘ ወንድ ላይ ኪንታሮቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በብልቱ ዘንግ ላይ ነው። ባልተገረዘ ወንድ ከሸለፈቱ ሥር፣ እርጥበት ባለበት ቦታ ይወዳል። በቆለጥ ከረጢት፣ በብሽሽት፣ በሽንት ቧንቧ ቀዳዳ አፍም ይታያል፤ ቀዳዳው ላይ ሲወጣ ሽንት ሁለት ቦታ ተከፍሎ እንዲፈስ ወይም ደም እንዲወጣ ያደርጋል። በፊንጢጣ ዙሪያና በውስጡ የሚወጣው ደግሞ ያሳክካል፣ እርጥበት ያስቀራል፣ አንዳንዴም ሲጸዳዱ ደም ያሳያል።

የእኛ ሰው ትልቁን ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በየመንገዱ ማስታወቂያ የሚለጠፍለት «ኪንታሮት» የፊንጢጣ ደም ሥሮች ማበጥ ነው። እሱ ቫይረስ የለውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ከድርቀትና ከማማጥ ጋር ይያያዛል። በቫይረስ የሚመጣው ግን ከቆዳው ላይ የሚበቅል ነው። ያበጠ ደም ሥር ለስላሳ፣ ክብና ሐምራዊ ሆኖ ይገፋል፤ የቫይረሱ ኪንታሮት ሻካራና የተሰነጣጠቀ ሆኖ በብዛት ይበተናል። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ሰውየው የደም ሥር ቅባት ገዝቶ ለወራት ሲቀባ ኪንታሮቱ እየተስፋፋ ይቀጥላል።

ሌላም የሚያሸማቅቅ ጥርጣሬ አለ። በፊንጢጣ ዙሪያ ኪንታሮት የወጣበት ወንድ ሁሉ በፊንጢጣ ግንኙነት አድርጓል ማለት አይደለም፤ ቫይረሱ ከብልት አካባቢ በእጅና በቆዳ ንክኪ ወደዚያ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ ግንኙነት በሚያደርጉ ወንዶች ላይ ደግሞ ኪንታሮቱ ወደ ውስጥ ገብቶ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። ሐኪሙ ስለ ግንኙነቱ የሚጠይቀው ውስጡን በመሣሪያ ማየት እንዳለበትና እንደሌለበት ለመወሰን ነው። መልሱን በእውነት መናገር የሚጠቅመው ታካሚውን ነው።

ብልት ላይ የታየ ጉብታ ሁሉም ኪንታሮት አይደለም። በብልቱ ራስ ጠርዝ ዙሪያ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን፣ እኩል መጠን ያላቸው ፍሬዎች ተፈጥሯዊ ናቸው፤ ሕክምና አያስፈልጋቸውም። በዘንጉ ቆዳ ላይ የሚታዩ ቢጫማ ነጠብጣቦችም የቅባት ዕጢዎች ናቸው። በጥንቃቄ ሊለይ የሚገባው ቂጥኝ ነው። በሁለተኛ ደረጃው በፊንጢጣና በብልት አካባቢ ሰፋፊ፣ ጠፍጣፋና እርጥብ እብጠት ያወጣል፤ ላላወቀው ሰው ኪንታሮት ይመስላል። መድኃኒቱ ግን የፔኒሲሊን መርፌ ነው። ቂጥኝን ኪንታሮት ብሎ ማቃጠል በሽታውን በሰውነት ውስጥ ትቶ ላዩን ማጽዳት ነው፤ ለዚህም ነው ጥሩ ሐኪም በዚያው ቀን የቂጥኝና የኤችአይቪ የደም ምርመራ የሚያዘው።

በቤት የሚደረገው ነገር ያስፈራል። በክር ወይም በጭራ አንገቱን አስሮ ማድረቅ፣ በምላጭ መቁረጥ፣ ምንነቱ የማይታወቅ ቅጠል ጨምቆ መቀባት፣ ለእጅ ኪንታሮት የተሠራ ጠንካራ አሲድ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ማድረግ። የብልት ቆዳ ስስ ነው፤ በእንዲህ ያለ ነገር ይቆስላል፣ ያመረቅዛል፣ ጠባሳ ይይዛል። ምላጭ ደግሞ ቫይረሱን በየጭረቱ ስለሚዘራው ኪንታሮት ያለበት ሰው አካባቢውን መላጨት ቢተው ይሻለዋል።

ክሊኒክ ውስጥ ምርመራው አጭር ነው። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በጥሩ መብራት ያያል፤ ብዙ ጊዜ ማየት ብቻ ይበቃል። ከጥቁርነቱ፣ ከጥንካሬው ወይም ከመቁሰሉ የተነሳ ካጠራጠረው ወይም በሕክምና አልመለስ ካለ ትንሽ ቆርጦ ለላብራቶሪ ይልካል።

በብዙ አገር ከተለመዱት ሕክምናዎች አንዱ ማቀዝቀዝ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጂን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነው፤ ዕቃው ሲከፈት ነጭ ጉም ይወጣዋል። በጥጥ ጫፍ ወይም በመርጫ ኪንታሮቱ ላይ ሲያርፍ ቆዳው ወዲያው ይነጣል፤ ሐኪሙ ነጩ ከኪንታሮቱ ጠርዝ አንድ ሁለት ሚሊሜትር አለፍ እስኪል ይይዘዋል። መለብለቡ ይሰማል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ትንሽ ያመዋል። ቆይቶ ውኃ ይቋጥርና ይደርቃል፣ ከዚያም ይረግፋል። በአንድ ጊዜ ስለማያልቅ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። ናይትሮጂን በሌለበት ከ80 እስከ 90 በመቶ ጥንካሬ ያለው ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ በሐኪም እጅ ብቻ በጥቂቱ ይነካል። ብዙና ትልልቅ የሆኑትን፣ በተለይም ወደ ፊንጢጣ ውስጥ የገቡትን በማደንዘዣ ቆርጦ ወይም በኤሌክትሪክ አቃጥሎ ማንሳት ይቀላል።

ቤት ተወስዶ የሚቀባም መድኃኒት አለ። ፖዶፊሎቶክሲን ከዕፅዋት የሚገኝ ሲሆን የኪንታሮቱን ሕዋሳት እንዳይከፋፈሉ ያደርጋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ይቀባል፣ አራት ቀን ይታረፋል፣ እንደገና ይጀመራል። ዑደቱ ከአራት አይበልጥም። ኢሚኩይሞድ የሚባለው ክሬም በሌላ መንገድ ይሠራል፤ የሰውነትን የመከላከል ኃይል በቦታው ላይ ይቀሰቅሳል። በሳምንት ሦስት ሌሊት ተቀብቶ ጠዋት ይታጠባል፣ እስከ 16 ሳምንት ሊቀጥልም ይችላል። የቆዳው መቅላትና መጠነኛ ማሳከክ የሚጠበቅ ነው፤ ከቆሰለ ግን ማቆምና መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ፊንጢጣ ውስጥ አይቀቡም። ሚስቱ እርጉዝ የሆነች ሰው ፖዶፊሎቶክሲን እንዳይነካት መጠንቀቅ አለበት። ክሬሙም ኮንዶም ስለሚያዳክም በቆዳው ላይ እያለ ግንኙነት አይደረግም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ እነዚህ ሁሉ የሚያስወግዱት ኪንታሮቱን ነው፤ በዙሪያው ባለው ጤነኛ የሚመስል ቆዳ ውስጥ የተኛውን ቫይረስ የሚገድል መድኃኒት የለም። ስለዚህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተመልሶ መውጣቱ የተለመደ ነው። የተመለሰበት ሰው «ሐኪሙ አላወቀም» ብሎ ወደ ባህል መድኃኒት ከመሮጥ ተመልሶ ቢታይ ይሻለዋል። የአብዛኛው ሰው ሰውነት በጊዜ ብዛት ቫይረሱን ያሸንፈዋል፤ አንዳንዱ ኪንታሮትም ያለ ሕክምና ራሱ ይጠፋል። ኤችአይቪ በደሙ ያለበትና መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ግን ኪንታሮቱ በዝቶና ገዝፎ ያስቸግረዋል፤ ለሱ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን በትክክል መውሰድ የኪንታሮቱም ሕክምና አካል ነው።

ሚስት ወይም የፍቅር ጓደኛ ልታውቅ ይገባል። እሷም አካባቢዋን ትታይ፤ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ዕድሜዋ ሲደርስ ማድረጓን አትተው። የባልየው ኪንታሮት ምርመራውን ከወትሮው ቶሎ ቶሎ እንድታደርግ አያስገድዳትም።

ይህን በሽታ ከሥሩ የሚቀንሰው ክትባቱ ነው። ዓይነት 6፣ 11፣ 16 እና 18ን የሚከላከለው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ላይ ዋለ። አውስትራሊያ በ2007 ልጃገረዶችን በስፋት መከተብ ስትጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አባላዘር ክሊኒኮች ከመጡ፣ እዚያው ከተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ከ21 በታች ከሆኑ ሴቶች 11.5 በመቶው የብልት ኪንታሮት ነበረባቸው። በ2011 ቁጥሩ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። የሚገርመው የወንዶቹ ነው፦ ወንዶች ገና በክትባት መርሐ ግብሩ ሳይገቡ፣ በዚያው ዕድሜ ከሴት ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች ላይ ከ12.1 ወደ 2.2 በመቶ ዝቅ አለ። ሴቶቹ ሲጠበቁ ወንዶቹም ተጠበቁ።

ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች ስትጀምር የተጠቀመችው ይህንኑ አራቱን ዓይነቶች የሚከላከለውን ነበር። ዘመቻው የሚነገረው ስለ ማህፀን በር ካንሰር ቢሆንም በነገዎቹ ባሎችም ላይ የሚያመጣው ለውጥ ይኖራል። በአሜሪካና በእስራኤል ወንዶች ልጆችም ይከተባሉ። ክትባቱ የወጣ ኪንታሮትን አያድንም፤ ለዚህም ነው ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት በልጅነት የሚሰጠው።

በአሜሪካና በእስራኤል የምትኖሩ ወላጆች፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከክሊኒክ ስለ ወንድ ልጃችሁ ክትባት የሚመጣውን ወረቀት «ይህ የሴት ነገር ነው» ብላችሁ አትመልሱት። አገር ቤት ያለኸው ወንድሜ ደግሞ፣ ያ ጉብታ ከወጣ ሳምንታት ካለፉ ነገ ጠዋት የቆዳና የአባላዘር ሐኪም ወዳለበት ጤና ተቋም ሂድ። ሐኪሙ እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ አይቷል፤ አይደነቅብህም።