የአእምሮ ርስት ድንበሩ ወዴት ነው?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ትምህርት አልቆ የእጄን ጠመኔ ሳራግፍ ከተማሪዎቼ አንዱ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበና፣ «መምህር፣ ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀት በፎቶ ኮፒ አባዝቶ ለጓደኛ ማደል ሌብነት ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎን፣ ሌብነት ነው» እንዳልል በዚያው ሰዓት በቦርሳዬ ውስጥ ከማን መጽሐፍ እንደ ተቀዳ እንኳ የማላውቀው አንድ እስር ወረቀት ነበረ። «አይደለም» እንዳልል ደግሞ፣ አንድ ጥሩ ጥያቄ ለማውጣት መምህር ስንት ሌሊት እንደሚያመሽ ራሴ አውቀዋለሁ። ስለዚህ «እስቲ ነገ እንነጋገርበት» ብዬ አሰናበትሁት። «ነገ» ያልሁት ቀን ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ነገሩን በመጽሐፍ ስከታተለው ጥርት ያለ መልስ ያገኘሁት ካላሰብሁት አገር፣ ከቻይና ሆነ።

አንባቢ ሆይ፣ ፈገግ እንደሚሉ ይታወቀኛል። ቻይና ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በየገበያው የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራ ሰዓትና ጫማ ነው። ይህም ስም ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ይሁን እንጂ ዛሬ በቻይና ዳኞች ፊት የሚያከራክረው ጥያቄ «የሰው ፈጠራ ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ?» የሚለው መሆኑ ቀርቶ፣ «ይጠበቅ፤ ነገር ግን እስከ ወዴት?» የሚለው ሆኗል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። ርስት ለባለቤቱ ነው ማለት ቀላል ነው፤ ጭንቁ ድንበሩን ሲያካልሉ፣ መንገዱና ምንጩ የማን እንደሆነ ሲለዩ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን ያስተውሉ።)

አስቀድሜ ስለ ጥንቱ ጥቂት ልበል። በቤጂንግ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም አንዲት የመዳብ ሰሌዳ አለች። በሶንግ ነገሥታት ዘመን፣ ይኸውም ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ፣ በጂናን ከተማ የነበረ የሊዩ ቤተ ሰብ የመርፌ ሱቅ ማስታወቂያውን ያተመባት ሰሌዳ ናት። በመካከሏ ዘነዘና ይዞ መድኃኒት የሚወቅጥ ነጭ ጥንቸል ተቀርጾባታል፤ ጽሑፉም ገዢው በሱቁ ደጃፍ ያለውን ነጭ ጥንቸል አይቶ እንዲገባ ያሳስባል። እንግዲህ የንግድ ምልክትን ቻይናውያን ከፈረንጅ ሳይማሩት ያውቁት ነበር ማለት ነው።

የዛሬው ሕግ የተጻፈው ግን አገሪቱ በሯን ለውጭ ንግድ ከከፈተች በኋላ ነው። የንግድ ምልክት ሕግ በ1982፣ የፓተንት ሕግ በ1984፣ የደራሲያን መብት ሕግ ደግሞ በ1990 ወጡ። በ1992 ቻይና ስለ ደራሲያን መብት በተደረገው በበርን ስምምነት ገባች፤ በ2001 መጨረሻም የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች። በዚህ ሁሉ ውስጥ የአሜሪካ መንግሥት ግፊት እንደነበረበት የሚክድ የለም። ሕግ መጻፍና ሕግ ማስከበር አንድ አይደሉምና፣ በነዚያ ዓመታት ያለ ፈቃድ የተቀዳ ሲዲ በየመንገዱ ዳር እንደ ቆሎ ይቸረቸር ነበር።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ የሚያደርሰን ክርክር የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1993 በቤጂንግ ሺንዶንግፋንግ የተባለ የቋንቋ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ስሙም «አዲሱ ምሥራቅ» ማለት ነው። ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ የሚመኘው ቻይናዊ ወጣት ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ያስፈልገው ስለ ነበረ፣ ትምህርት ቤቱ በተማሪ ተጥለቀለቀ። ትምህርት ቤቱም ያለፉትን ፈተናዎች በመጽሐፍ መልክ እያባዛ ይሸጥ ነበር። በ2001 ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢ.ቲ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በቤጂንግ ፍርድ ቤት ከሰሰው።

ክሱ ሁለት ነበር። አንደኛው «የደከምሁባቸውን ጥያቄዎች ያለ ፈቃዴ አትሞ ሸጠ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ቶፍል የተመዘገበ የንግድ ምልክቴ ሆኖ ሳለ በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ ጻፈው» የሚል ነው። በ2003 አሜሪካኖቹ በሁለቱም ረቱ። ትምህርት ቤቱ ይግባኝ አለ፤ የቤጂንግ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2004 መጨረሻ የመጨረሻውን ቃል ሰጠ።

ይህን ፍርድ ረጋ ብለው ይመልከቱልኝ። የፈተና ጥያቄ የአእምሮ ሥራ ስለሆነ አባዝቶ ለሕዝብ መሸጥ ክልክል ነው፣ ለማስተማር ነው የሚለውም ምክንያት አያድንም በማለት ዳኞቹ ትምህርት ቤቱን 3 ሚሊዮን 740 ሺህ ዩዋን ያህል ካሣ አስከፈሉት። ስለ ቶፍል ስም ግን የመጀመሪያውን ፍርድ ሻሩት። ቃሉ በሽፋኑ ላይ የተጻፈው መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ለገዢው ለመንገር ነው፤ አሳታሚው ኢ.ቲ.ኤስ. ነው ለማሰኘት አይደለም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስለ ቶፍል የተጻፈ መጽሐፍ ቶፍል ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ከዚህም በላይ አንድ ነገር ጨመሩ። ያለ ፈቃድ የታተመውን መጽሐፍ ሳይጠቀም፣ መምህሩ በክፍል ውስጥ ጥያቄዎቹን ለተማሪዎቹ ቢያስረዳ በሕግ የተፈቀደ ተግባር ነው ሲሉ በፍርዱ ውስጥ አሰፈሩ።

መምህር ስለሆንሁ ይሆናል፣ ከካሣው ገንዘብ ይልቅ ልቤን የነካው ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ትምህርት ቤቱ ተረትቷል፤ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆመው ሰው ግን ነፃ ነው።

የፍርዱ ሥር ያለው በደራሲያን መብት ሕጉ ውስጥ ነው። ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ 24ኛው አንቀጽ፣ የደራሲው ስም እስከ ተጠቀሰ ድረስ ፈቃድ ሳይጠየቅና ገንዘብ ሳይከፈል የሚፈቀደውን ይዘረዝራል። ለራስ ጥናት መገልገል ይፈቀዳል። ሐሳብን ለማስረዳት በመጠኑ መጥቀስ ይፈቀዳል። ለክፍል ትምህርት ወይም ለምርምር ሲባል በጥቂቱ ማባዛትም ይፈቀዳል፤ ማሳተም ግን አይፈቀድም። «በጥቂቱ» ማለት ስንት ቅጂ እንደሆነ አንቀጹ አይናገርም። ደግሞም ቃሉ የሚያነሣው መምህራንንና ተመራማሪዎችን ነው እንጂ፣ በፊታቸው የተቀመጠውን ተማሪ አይደለም። እንደኔ አስተያየት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከዚሁ አንቀጽ ውስጥ አንድ ያስደነቀኝ ነገር አለ። አንድ ቻይናዊ በአገሪቱ የጋራ ቋንቋ የጻፈውንና የታተመውን ሥራ፣ ከአናሳዎቹ ብሔረሰቦች ወደ አንዱ ቋንቋ ተርጕሞ በአገር ውስጥ ለማሳተም ፈቃድ አያስፈልግም። ለምሳሌ ወደ ሞንጎልኛ ወይም ወደ ቲቤትኛ ማለት ነው። ከሞንጎልኛ ወደ ቻይንኛ ለመተርጐም ግን ደራሲውን መጠየቅ ግድ ነው። መጽሐፍ የሚያንሰው ቋንቋ ይቅናው የተባለ ይመስላል። እኛ አስተማሪዎች የምንቀናበት ሌላም ደንብ አለ፤ ለግዴታ ትምህርት የሚሆን የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ከታተሙ ሥራዎች አጫጭር ክፍሎችን ሳያስፈቅድ መውሰድ ይችላል፤ ለደራሲው ግን ይከፍላል። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ የተወሰነው ዋጋ ለ1000 ፊደል 300 ዩዋን ነው። የሚያበለጽግ ገንዘብ አይደለም፤ ነገር ግን ደራሲው ተረስቷል አያሰኝም።

አሁን ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በሲቹዋን ክፍለ ሀገር፣ ቁንዶ በርበሬ የምታህል አረንጓዴ ፍሬ ትበቅላለች። ምላስን የማደንዘዝ ጠባይ ያላት ቅመም ስትሆን የአገሩ ሰው ከዓሣ ጋር መቀቀል ይወዳል፤ ስሟም ቺንግ ኋጂያዎ ይባላል። በሻንጋይ የሚገኝ አንድ የምግብ ኩባንያ ይህንኑ ስም ለምግብ ቤት አገልግሎት የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ። ከዚያም በሲቹዋን ውስጥ የቅመሟን ስም በሰሌዳቸው ላይ የጻፉትን ትናንሽ ምግብ ቤቶች እየፈለገ ይከስ ጀመር። በቸንግዱ ከተማ፣ በወንጂያንግ ወረዳ ያለች አንዲት የዓሣ ቤት በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረትታ 30 ሺህ ዩዋን እንድትከፍል ተፈረደባት።

እስቲ ራስዎን በዚያ ሰው ቦታ ያስቀምጡ። አያትዎ ስትቀቅልበት የኖረችውን ቅመም ስሙን በደጃፍዎ ላይ ስለ ጻፉ፣ ሻንጋይ ተቀምጦ ሰሌዳዎን አይቶ የማያውቅ ሰው ካሣ ክፈል ይልዎታል። ባለ ዓሣ ቤቱ ይግባኝ አለ። በ2022 ጥር 13 ቀን የሲቹዋን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ፍርድ ሽሮ ክሱን ውድቅ አደረገው። ዳኞቹ እንዳሉት በሰሌዳው ላይ ያለው ቃል የሚናገረው ዓሣው በምን ቅመም እንደ ተቀቀለ ነው። የቅመም ስም ለምግብ ቤት ምልክት ሲሆን ከመጀመሪያውም የመለየት ኀይሉ ደካማ ነው፤ ያስመዘገበውም ሰው ሌላው በቅን ልቦና ሲጠቀምበት ሊከለክል አይችልም። ይህንን የሚፈቅደው ቃል በንግድ ምልክት ሕጉ ውስጥ ከ2013ቱ ማሻሻያ ጀምሮ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን የተጻፈ ቃል አስታዋሽ ይፈልጋል።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎም ተመሳሳይ ጩኸት ተነሥቶ ነበር። ቶንግጓን በሻንሺ ክፍለ ሀገር የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ በዳቦ መካከል ሥጋ ከትቶ በመሸጥ የታወቀ ነው። ሺያዎያዎ ደግሞ በሄናን ያለች ከተማ ስትሆን የታወቀችው በሚያቃጥል ሾርባዋ ነው። የሁለቱን ቦታዎች ስም የያዙ ምልክቶችን ያስመዘገቡ ማኅበራት በየከተማው ያሉትን ባለ ትናንሽ ሱቆች እየከሰሱ ገንዘብ ጠየቁ። በኅዳር ወር 2021 የመንግሥቱ የአእምሮ ንብረት መሥሪያ ቤት ራሱ መግለጫ አውጥቶ፣ የሺያዎያዎው ማኅበር በምልክቱ ስም የአባልነት ዋጋ የማስከፈል መብት እንደሌለው፣ የቶንግጓኑም የወረዳውን ስም ሌላው በአግባቡ ሲጠቀምበት መከልከል እንደማይችል አስታወቀ።

የነገሩ ክፋት በሒሳቡ ላይ ነው። ዳቦ ሻጭ ለጠበቃ ከፍሎ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ በሌላ ከተማ አልጋ ተከራይቶ ከመከራከር ይልቅ የተጠየቀውን ከፍሎ መገላገል ይቀለዋል፤ ከሳሹም ይህን ያውቃል። የቻይና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ ወር 2021 ያወጣው ውሳኔ በዚህ ላይ ያነጣጠረ ነው። የአእምሮ ንብረት ባለቤት መብቱን ያለ አግባብ ተጠቅሞ ሰውን ለመጉዳት ከሶ እንደሆነ፣ ተከሳሹ የጠበቃውን፣ የመጓጓዣውን፣ የምግብና የመኝታውን ወጪ ከከሳሹ መጠየቅ ይችላል። የምግቡና የመኝታው መጠቀስ የሕጉ ጸሐፊ ባለ ጉዳይ ሆኖ ያደረ ሰው ያስመስለዋል።

ይህ ሲባል ግን ሕጉ ለሌባው ሳስቷል ማለት እንዳይመስልዎ። በነዚሁ ዓመታት፣ ሆነ ብሎና በከፋ ሁኔታ የሰውን መብት የጣሰ ሰው ከጉዳቱ እስከ 5 እጥፍ እንዲከፍል ተደንግጓል፤ መጀመሪያ በ2019 ለንግድ ምልክት፣ ከ2021 ጀምሮም ለፓተንትና ለደራሲ መብት። አጥሩን ማጥበቅና በሩን መክፈት በአንድ ወቅት የተሠሩ ሥራዎች ናቸው።

ስለ መጽሐፍና ስለ ዓሣ ሲሆን የሚመዘነው በዩዋን ነው፤ ወደ መድኃኒት ሲደርሱ ግን የሚመዘነው የሰው ዕድሜ ነው። በመጀመሪያው የፓተንት ሕግ መሠረት መድኃኒት ራሱ ፓተንት አይሰጠውም ነበር፤ ባለ መብት መሆን የሚቻለው በአሠራሩ ዘዴ ብቻ ነበር። ይህ በአሜሪካ ጥያቄ ተለውጦ ከ1993 ጀምሮ መድኃኒቱም ፓተንት ያገኝ ጀመር፤ ዘመኑም ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ 20 ዓመት ነው። ታዲያ በ2008 የወጣው ማሻሻያ ለሌሎች ፋብሪካዎች አንድ ቀዳዳ ተወላቸው፤ ፓተንቱ ሳያልቅ የመድኃኒቱን ናሙና ሠርተው ለመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልገውን ምርመራ ማካሄድ ይችላሉ። ይህ ባይኖር ኖሮ ፓተንቱ ባለቀ ማግሥት ምርመራው ገና ይጀመርና፣ በሽተኛው ርካሹን መድኃኒት ለማግኘት ተጨማሪ ዓመታት በጠበቀ ነበር። ለሕዝብ ጤና ሲባልም መንግሥት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ፣ ዋጋውን እያስከፈለ፣ ሌላው እንዲያመርት ሊያዝዝ ይችላል። በአንጻሩ ከ2021 ጀምሮ አዲስ መድኃኒት ያወጣ ኩባንያ ፈቃድ ሲጠባበቅ የባከነበትን ጊዜ እስከ 5 ዓመት ድረስ ይካሳል፤ ሆኖም መድኃኒቱ ለገበያ ከተፈቀደ በኋላ ያለው የፓተንት ዘመን በጠቅላላው ከ14 ዓመት አይበልጥም። አምስቱ ዓመት ለድካሙ፣ አሥራ አራቱ ለገደቡ ናቸው። ለኔ አምስቱ በዛ ይለኛል፤ መድኃኒት ቀማሚ ወንድም ያለው አንባቢ ግን አነሰ ይለኝ ይሆናል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተማሪዬን አስጠርቼ ያነበብሁትን ነገርሁት። «የአገራችን አዋጅ ለብቻው የሚነገር ነው፤ በቻይና ዳኛ ፊት ግን ለራስህ ጥናት ብትቀዳ የሚነካህ የለም፤ ጠርዘህ ብትሸጥ ትከፍላለህ» አልሁት።

ጥቂት አሰበና፣ «መምህር፣ እኔ የጠየቅሁዎት እኮ ለጓደኛ በነፃ ስለ መስጠት ነው» አለኝ።

እኔም 24ኛውን አንቀጽ እንደገና ገለጥሁ።