የዘፈን ምርጫን መተንበይ፦ የቴሌቪዥን የድምፃውያን ውድድሮች ከሥነ ልሳን አንጻር

1. መነሻ

በቴሌቪዥን የሚተላለፉ የድምፃውያን ውድድሮችን የሚከታተል ተመልካች በየሳምንቱ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ እገሌ በሚቀጥለው ዙር የማንን ዘፈን ይዞ ይቀርባል? ጥያቄው ብዙውን ጊዜ በሁለት መመዘኛዎች ይመለሳል። አንደኛው የተወዳዳሪው የድምፅ ስፋት ነው፤ ሁለተኛው ተወዳዳሪው አርአያ ያደረገው ዘፋኝ ማን እንደሆነ ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙ ቋንቋዎች ጐን ለጐን በሚነገሩበት በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ሦስተኛ መመዘኛ ካልታከለባቸው በቂ መልስ አይሰጡም። ይህም ተወዳዳሪው አፉን የፈታበት ቋንቋ፣ የዘፈኑ ቋንቋና ድምፁን የሚሰጠው ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ እርስ በርሳቸው ያላቸው ግንኙነት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘፈን ምርጫ በምን በምን ቋንቋዊ ምክንያቶች እንደሚወሰን ማብራራትና ምርጫውን አስቀድሞ ለመተንበይ የሚያስችል ቀላል አካሄድ ማሳየት ነው። ዋናው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የአንድ ውድድር የዘፈን ምርጫ በቀላሉ የሚተነበይ ከሆነ፣ መድረኩ ለብዙዎቹ የአካባቢው ቋንቋዎች ጠብቧል ማለት ነው።

2. ከተወዳዳሪው በፊት የተወሰነው

ተወዳዳሪው ከመምረጡ አስቀድሞ የሚመረጥበት ክምችት ተወስኖ ይጠብቀዋል። እንደ ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት ባሉ የኢትዮጵያ ውድድሮች ተወዳዳሪዎች በአመዛኙ የሚመዘኑት ቀደም ሲል በታወቁ ድምፃውያን በተዘፈኑ ሥራዎች ነው። ስለዚህ ባንዱ አስቀድሞ የሚያውቀው፣ ዳኞች ከመጀመሪያው ዘፋኝ አዘፋፈን ጋር ሊያነጻጽሩት የሚችሉት፣ ተመልካችም አብሮ ሊያንጐራጉረው የሚችለው ዘፈን ከሌሎች ይቀድማል። የመለማመጃ ጊዜው አጭር በሆነ መጠን ይህ ግፊት ይበረታል።

ክምችቱ በቅኝትም የተከፋፈለ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች ላይ የቆሙ ናቸው። ከእነዚህም ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች ይጋራሉ። አንድ ተወዳዳሪ በየትኛው ቅኝት እንደሚደላደል ከሁለትና ከሦስት ዙር በኋላ ሊታወቅ ይችላል፤ በመሆኑም ቅኝትን መተንበይ የዘፈኑን ርእስ ከመተንበይ ይቀላል።

ቋንቋን በሚመለከት ግን ክምችቱ እኩል አይደለም። በአማርኛ የተዘፈኑና በሰፊው የሚታወቁ ሥራዎች ብዛት ከሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ሥራዎች ጋር ሲነጻጸር ሚዛኑ ወደ አማርኛ ያጋድላል። በዚህ መካከል ድልድይ የሚሆኑት ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ የዘፈኑ ድምፃውያን ናቸው። ጥላሁን ገሠሠ በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍኗል፤ ዓሊ ቢራ ደግሞ ከኦሮምኛ በተጨማሪ በሐረሪ፣ በአማርኛና በሶማልኛ ተጫውቷል። ከአማርኛ ውጭ ለመዝፈን የሚነሣ ተወዳዳሪ አስቀድሞ እጁን የሚዘረጋው ወደ እነዚህን መሰል የጋራ ድምፃውያን ሥራዎች እንደሚሆን ይጠበቃል፤ ምክንያቱም የዘፋኙ ዝና ቋንቋውን ለማይረዳው አድማጭ ዋስ ይሆናል።

3. የድምፆች ዋጋ

ሁለተኛው ምክንያት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገር የሚጠይቀው የሥነ ድምፅ ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ትግርኛ የሓና የዓን የጉሮሮ ድምፆች ጠብቆ ይዟል። በአማርኛ ግን ሐ ከሀ ጋር፣ ዐ ከአ ጋር በንባብ አንድ ሆነዋል፤ ልዩነቱ የቀረው በጽሕፈት ብቻ ነው። ስለዚህ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ተወዳዳሪ የትግርኛ ዘፈን ሲይዝ ገና በመጀመሪያው ስንኝ ይለያል። አፍ መፍቻው ትግርኛ የሆነ ተወዳዳሪ ወደ አማርኛ ሲሻገር ግን ከሚያስፈልጉት ድምፆች አብዛኞቹን በገዛ ቋንቋው ውስጥ ያገኛቸዋል። ሌሎች ሁኔታዎች እኩል ከሆኑ ከትግርኛ ወደ አማርኛ የሚደረገው መሻገር ከተቃራኒው ይልቅ ተደጋግሞ መታየት አለበት።

በኦሮምኛና በአማርኛ መካከል ችግሩ የአናባቢ ነው። ኦሮምኛ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም አጭርና ረጅም ሆነው ፍቺ ይለያሉ። ሁለቱ አናባቢዎች ሲያጥሩ «መሬት» የሚል ፍቺ ያለው ቃል፣ ሁለቱም ሲረዝሙ «ለስላሳ» ማለት ይሆናል። ዜማው አጭሩን አናባቢ ቢያስረዝመው ወይም ረጅሙን ቢያሳጥረው አድማጩ ፍቺውን ከዐውዱ ለማግኘት ይገደዳል። የኦሮምኛው ዸ፣ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚፈጠር ድምፅ በመሆኑ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነው። በሌላ በኩል የአማርኛ የግዕዝና የሳድስ አናባቢዎች በኦሮምኛ ሥርዐት ውስጥ ራሳቸውን ችለው አይገኙም፤ በኦሮምኛ አፉን የፈታ ተወዳዳሪ ሊፈተን የሚችለው በእነዚህ ላይ ነው። ሳድስ በተራ ንግግር አጭር ስለሆነ ረጅም ዜማ ሲያርፍበት ፈተናው ይከብዳል።

ጥብቀትም ሊዘነጋ አይገባም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን» ለሚለው የቀረበ ፍቺ አለው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ይሆናል። «ዋና» ላልቶ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ጠብቆ አውራ ወይም ቀዳሚ ማለት ነው። የአማርኛ ጽሕፈት ይህን ልዩነት አያሳይም። ስለዚህ ግጥሙን ከወረቀት ያጠና ተወዳዳሪና በጆሮው እየሰማ ያደገ ተወዳዳሪ በመድረክ ላይ በቀላሉ ይለያያሉ።

የቃና ቋንቋዎች ጥያቄውን ከዚህም ያጠልቁታል። ቤንችኛ የቃልን ፍቺ የሚለዩ አምስት የቃና ደረጃዎች አሉት። በእንዲህ ያለ ቋንቋ የሚዘፍን ሰው የዜማውን መውጣትና መውረድ ከቃሉ ቃና ጋር ማስታረቅ ይኖርበታል። የሌላ ቋንቋ ዜማ እንዳለ ተወስዶ ቃላቱ ብቻ ቢተኩ ዕርቁ ሊፈርስ ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ዋጋዎች እንጂ ክልከላዎች አይደሉም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሁለት ቋንቋ ያደገ ተወዳዳሪ ከዋጋው አብዛኛውን አስቀድሞ ከፍሏል። ስለዚህ ተንባዩ የትውልድ ቦታን ብቻ አይቶ መወሰን የለበትም፤ ተወዳዳሪው በቤት፣ በትምህርት ቤትና በገበያ የተጠቀመባቸውን ቋንቋዎች ማወቅ ይጠበቅበታል።

4. አድማጩ እንደ መራጭ

አለን ቤል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት የኒው ዚላንድ ሬድዮ ዜና አንባቢዎችን መርምሯል። አንዱ አንባቢ በሁለት ጣቢያዎች ሲያነብ አነጋገሩን እንደየጣቢያው አድማጭ ይለውጥ እንደነበር አሳይቷል። ፒተር ትረድጊል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 የእንግሊዝ ፖፕ ዘፋኞች ሲዘፍኑ አነባበባቸውን ወደ አሜሪካ እንግሊዝኛ ማስጠጋታቸውን ተንትኗል። ሁለቱ ጥናቶች ተደምረው የሚያስተምሩት፣ የሚዘፍን ሰው ለተገኘው አድማጭ ብቻ ሳይሆን አርአያ አድርጎ ለሚያስበው ወገንም ጭምር አነጋገሩን እንደሚቀርጽ ነው። አድማጩ መራጭም ሲሆን ግፊቱ በእጥፍ ይጨምራል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በምሥራቅ አፍሪካ ከ2006 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ስድስት ጊዜ የተካሄደው ተስከር ፕሮጀክት ፌም ነው። አሸናፊዎቹ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከሩዋንዳና ከቡሩንዲ የወጡ ነበሩ። በእንዲህ ያለ መድረክ የእያንዳንዱ ቋንቋ አቅም በሚደርስባቸው አገሮች ይለካል። ስዋሂሊ በኬንያና በታንዛኒያ ሰፊ አድማጭ አለው፤ በኡጋንዳ ግን የዚያኑ ያህል አይደለም። ሉጋንዳ ከኡጋንዳ ውጭ ብዙ አይዘልቅም። ኪሩንዲና ኪንያሩዋንዳ እርስ በርስ የሚግባቡ በመሆናቸው አንዱ የሌላውን አገር አድማጭ ሊያገኝ ይችላል። እንግሊዝኛ ደግሞ በዓለም አቀፍ ዘፈኖች አማካይነት በሁሉም ይገባል። ስለዚህ የአካባቢ ቋንቋ ምርጫ በብዛት የሚጠበቀው ውድድሩ ራሱ ባህላዊ ዘፈን ሲያዝዝ፣ አለበለዚያም ተወዳዳሪው የአገሩን ድምፅ ማሰባሰብ ሲፈልግ ነው።

በእስራኤል የሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ሌላ ገጽታ ያሳያል። ከኢትዮጵያ ከመጣ ቤተሰብ የተወለደችው ሐጊት ያሶ እ.ኤ.አ. በ2011 «ኮኻቭ ኖላድ» የተሰኘውን ውድድር አሸንፋለች፤ የመድረኩ ዋና ቋንቋ ዕብራይስጥ ነበር። ኤደን አለነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዩሮቪዥን የተዘጋጀላት «ፈከር ሊቢ» የተሰኘው ዘፈን ርእሱን ከአማርኛ ወስዷል፤ ግጥሙም አማርኛን፣ ዐረብኛን፣ እንግሊዝኛንና ዕብራይስጥን ያቀላቀለ ነው። የዚያ ዓመት ዩሮቪዥን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቢሰረዝም ትምህርቱ ግልጽ ነው። የሌላ ዘፋኝ ሥራ ቋንቋውን ይዞ ይመጣል፤ አዲስ የተደረሰ ሥራ ግን ቋንቋዎችን ለማቀላቀል ነጻነት ይሰጣል። በመሆኑም የራስን ድርሰት የሚፈቅድ ዙር ሲደርስ ተንባዩ የቋንቋ ግምቱን እንደገና መመርመር አለበት።

5. የትንበያው አካሄድ

ከላይ የተዘረዘሩት ምክንያቶች እርስ በርስ የሚፎካከሩ ገደቦች ተደርገው ሊቀርቡ ይችላሉ። አለን ፕሪንስና ፖል ስሞሌንስኪ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ገደቦች ሊጣሱ እንደሚችሉና ልዩነት የሚመጣው በቅደም ተከተላቸው እንደሆነ ያስተምራል። ለዚህ ጉዳይ አምስት ገደቦች ይበቃሉ፤

(ሀ) ዘፈኑ ባንዱና ዳኞች የሚያውቁት ይሁን።
(ለ) ዘፈኑ ከተወዳዳሪው የድምፅ ስፋት አይውጣ።
(ሐ) ተወዳዳሪው ያልተካነበት ድምፅ በዘፈኑ ውስጥ አይብዛ።
(መ) ቋንቋው ብዙ መራጭ የሚረዳው ይሁን።
(ሠ) ዘፈኑ ተወዳዳሪው ከየት እንደመጣ ይናገር።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች (ሀ)ና (ለ) ይገዝፋሉ። ተወዳዳሪዎች ሲቀንሱና ተመልካች ስማቸውን ሲለይ (ሠ) ከፍ ይላል። ለምሳሌ ኦሮምኛ አፍ መፍቻዋ የሆነና በአማርኛም የምትግባባ የጅማ ተወዳዳሪ ትታሰብ። በመጀመሪያው ዙር (ሀ)ና (መ) ወደ አማርኛ ይስቧታል፤ (ሐ) ደግሞ ረጃጅም ዜማ በሳድስ ላይ ከሚያርፍባቸው ዘፈኖች ያርቃታል። የባህል ዘፈን በሚታዘዝበት ሳምንት (ሠ) ከሁሉ በላይ ስለሚወጣ ኦሮምኛ ይጠበቃል፤ (ሀ) በቦታው ስለሚቆይም ምርጫው ከጋራ ድምፃውያን ሥራዎች ሳይወጣ አይቀርም።

ትንበያው ከስርጭቱ በፊት በጽሑፍ መመዝገብ አለበት፤ ቅደም ተከተሉም ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይሁን። አስቀድሞ ቋንቋው፣ ቀጥሎ ቅኝቱ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዘፋኝ፣ በመጨረሻም ርእሱ። በርእሱ የሳተ ትንበያ በቋንቋውና በቅኝቱ ልክ ከሆነ የገደቦቹን ቅደም ተከተል ይደግፋል። በቋንቋው የሳተ ግን ቅደም ተከተሉ እንዲታረም ያስገድዳል።

6. የሚያስከትለው

ጉዳዩ ከጨዋታ የሚያልፈው በዳኞች አስተያየት ላይ ነው። «ቃላቱ አይጠሩም» የሚለው ፍርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊሸፍን ይችላል። አንደኛው በማንኛውም ቋንቋ ጉድለት የሆነው የትንፋሽና የአፍ አከፋፈት ድክመት ነው። ሁለተኛው ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋ አሻራ ነው፤ ይህም በሙዚቃ ስም የሚሰጥ የአነጋገር ፍርድ ይሆናል። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ሲቆጠር ተወዳዳሪው በሚቀጥለው ሳምንት ይበልጥ ወደ ታወቀውና ወደ ተለመደው ይሸሻል፤ በቤት የሚመለከተው የዚያው ቋንቋ ተናጋሪ ወጣትም በራሱ አነጋገር መዝፈን ዋጋ እንደሚያስቀንስ ይማራል። ገደብ (ሐ) በዚህ መንገድ በየዙሩ ይጠነክራል፤ ትንበያውም ይቀላል።

የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚያጠኑ ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ሁለት ነገር ሊሠሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ለየቋንቋው አጭር የአነባበብ መግለጫ አዘጋጅቶ ለአዘጋጆችና ለዳኞች ማቅረብ ነው፤ መግለጫው ጥብቀትን፣ የአናባቢ ርዝመትን፣ የጉሮሮ ድምፆችንና ቃናን ቢያካትት ይበቃዋል። ሁለተኛው የትንበያ መዝገብ መያዝ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባቸው በቋንቋ ረገድ የሳቱት ትንበያዎች ናቸው። አንድ ተወዳዳሪ ያልተጠበቀ ቋንቋ መርጦ ካለፈ፣ ምን ዓይነት ዘፈን፣ በየትኛው ቅኝት፣ በስንተኛው ዙር እንዳሻገረው በዝርዝር መጻፍ ለሚቀጥለው ተወዳዳሪም ለቋንቋው አጥኚም ይጠቅማል።