የስኳር ሕመም ስለ ያዛቸው የቆላ ሕፃናት

የሰው ልጅ ጥበብ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ቀድሞ ተስፋ የተቆረጠበት ደዌ ሁሉ መድኃኒት እየተገኘለት መጥቷል። ከእነዚህም አንዱ ሕፃናትን የሚይዘው የስኳር ሕመም ነው። ይህ ሕመም የሚመጣው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም መሥራት ሲያቆም ነው። ኢንሱሊን ሲታጣ ከምግብ የተገኘው ስኳር ለሰውነት ኃይል መሆኑ ቀርቶ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሕፃኑም እየበላ ይከሳል፤ እየጠጣ ይጠማል።

እስከ 1914 ዓ. ም. ድረስ ይህ ሕመም ከያዛቸው ሕፃናት ከአንድና ከሁለት ዓመት በላይ የሚቆዩት ጥቂቶች ነበሩ። በዚያ ዓመት በጥር ወር ግን በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሶን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ባልደረቦቹ ያገኙትን ኢንሱሊን ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። በተከታዩም ዓመት ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የግኝታቸውን መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር አሳልፈው ሰጡ።

ነገር ግን ኢንሱሊን ልክ የሚጠይቅ መድኃኒት ነው። ሲያንስ ስኳሩ ይጨምራል፤ ሲበዛም ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሕፃኑን ራሱን ያስተዋል። በተለይም ቀኑን ሲሮጥ የዋለ ልጅ ይህ አደጋ ሌሊት በእንቅልፉ ሳለ ሊደርስበት ይችላል። በውጭ አገር የስኳር ሕሙማን ልጆች በትምህርት ዕረፍት ወራት አብረው የሚሰነብቱበት ሰፈር አለ፤ በአሜሪካ በሚሺጋን እንዲህ ያለው ሰፈር የተጀመረው በ1917 ዓ. ም. ነው። በዚያም ጠባቂዎች ሌሊት እየተነሡ የልጆቹን ደም ይለካሉ።

ይህን የሌሊት ጥበቃ የሚያግዝ መሣሪያ በዘመናችን ተሠርቷል። ከቆዳ ሥር የገባ መለኪያ በየጥቂት ደቂቃው የስኳሩን መጠን ይናገራል፤ አንድ የሒሳብ መኪና ያሰላል፤ በወገብ የሚታጠቅ ትንሽ ፓምፕም የሚበቃውን ኢንሱሊን ይሰጣል። በእስራኤል፣ በስሎቬኒያና በጀርመን በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች በ56 ልጆች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በየካቲት 2005 ዓ. ም. ታትሟል። በተለመደው አሠራር ስኳሩ ሌሊት በጣም የወረደው 22 ጊዜ ሲሆን፣ በመሣሪያው ግን 7 ጊዜ ብቻ ነበር። በመስከረም 2009 ዓ. ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከዚህ ዓይነት መሣሪያ አንዱን እንዲሸጥ ፈቀደ።

እንግዲህ የመሣሪያው ሥራ ሦስት ነው፤ መለካት፣ ማመዛዘንና መስጠት። መሣሪያው ባልደረሰበት አገር ይህን ሦስት ሥራ ሰው ሊሠራው ግድ ነው። ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ከተማ ነው፤ ከእርሱም ወደ ዶሎ ሲወረድ ሐሩሩ እየጸና ይሄዳል። በዚህ አገር ከብት ተከትሎ የሚውል እረኛ በዚያ ሰፈር ሲጫወት ከሚውለው ልጅ ያነሰ አይደክምም፤ ሌሊት ግን የሚጠብቀው መሣሪያም ሠራተኛም የለውም።

ከሁሉ የሚከፋው ሕመሙ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። ሕፃኑ ሲጠማ የቆላው ሙቀት ነው ይባላል፤ ሲከሳ የድርቁ ዘመን ነው ይባላል፤ ሲያስታውክና ሲደክም ወባ ነው ይባላል። ስለዚህ ውኃ የሚያበዛ፣ ሽንት የሚያመላልሰውና የሚከሳ ልጅ ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ አንዲት ጠብታ ደሙ ይለካ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ግን ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ፣ የቆላ አገር በሆነው በሰሜን ኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች ሰፈር ያለውን የቤት ሙቀት መነሻ አድርገው መርምረው በ2013 ዓ. ም. እንዳስታወቁት፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል የሚወጣና የሚወርድ ሙቀት ያገኘው ኢንሱሊን እስከ 4 ሳምንት ኃይሉን አላጣም። እርጥብ አሸዋ በመካከላቸው የተደረገ ሁለት ሸክላም ጥሩ ማቀዝቀዣ ይሆናል። ለፀሐይ ማጋለጥና ማርጋት ግን መድኃኒቱን ያበላሸዋል።

ሦስተኛው የመንገድ ርቀት ነው። በ1990ዎቹ ዓ. ም. በጎንደርና በጅማ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች ሠልጥነው የስኳር ሕሙማንን በየአካባቢያቸው እንዲረዱ በመደረጉ፣ በሽተኛው ሩቅ ወዳለው ሆስፒታል የሚመላለስበት ድካም ቀንሷል። ለደቡቡ ቆላም ይህ አሠራር የተገባ ነው። ሹማምንት ኢንሱሊኑ፣ መርፌውና የደም መለኪያው ከጤና ጣቢያው ሳይቋረጥ እንዲገኝ ቢተጉ፣ የአንድ ሳምንት መዘግየት ለዚህ ሕፃን ሞት ሊሆን እንደሚችል ያወቁ ይሆናሉ።

የካህናትም ድርሻ ትልቅ ነው። በመጽሐፈ ሲራክ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የተጻፈውን ያውቃሉና፣ ወደ ጸበል የመጣው ልጅ መርፌውን እንዳያቋርጥ ለወላጆቹ ይንገሩ። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም የታመመውን ከጾም ግዴታ ያሳርፋሉና፣ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሕፃን ይህን ፈቃድ ካህኑም ሼኩም ገልጠው ቢያስተምሩ ብዙ ነፍስ ይድናል።

አዲሱ መሣሪያ አንድ ቀን ወደ ነገሌም ይደርስ ይሆናል። ሆኖም በዚያን ጊዜ እንኳ ያለ ኢንሱሊን አይሠራም። የሚለካ እጅ፣ የሚያመዛዝን አእምሮና የማይቋረጥ መድኃኒት አስቀድሞ ከተዘጋጀ ግን፣ መሣሪያው እስኪመጣ ሕፃኑ በሕይወት ይቆያል፤ ተምሮም አገሩን ያገለግላል።